ቫይታሚን ዲዎ 18 ነው ወይስ 45? የደም ምርመራ ወረቀቱ እንዴት ይነበባል

ሁለቱ የአክስቴ ልጆች በአንድ ሳምንት ውስጥ የደም ውጤታቸውን ፎቶ አንስተው በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፉት። ታላቅየዋ የምትኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው። ቫይታሚን ዲዋ 18 ይላል፤ ከጎኑም "ዝቅተኛ" የሚል ቀይ ምልክት አለበት። ታናሿ ስቶክሆልም ናት፤ የእሷ 45 ነው። ታላቅየዋ ሌሊቱን ሙሉ ኢንተርኔት ስትጎረጉር አደረች። ታናሿ "እኔስ ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ብላ ተኛች። አክስቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በድምፅ መልእክት "ስዊድን ተስማምቷታል ማለት ነው፤ አንቺም ጠቅልለሽ ወደዚያው ሂጂ" ብለው ነገሩን ቋጩት።

ሁለቱ ቁጥሮች ግን አንድ ናቸው። ተቀራራቢ ማለቴ አይደለም፤ ልክ አንድ ናቸው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብለን እናየዋለን። መጀመሪያ ላቦራቶሪው የለካውን ነገር እንወቅ፤ ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

## ከደሜ ውስጥ የተለካው ምንድን ነው?

ስሙ ቫይታሚን ይባል እንጂ አብዛኛውን የምናገኘው ከምንበላው ሳይሆን ከቆዳችን ነው። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ አልትራቫዮሌት ቢ የሚባል በዓይን የማይታይ ጨረር አለ። ይህ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ እዚያ ያለውን ከኮሌስትሮል ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ወደ ቫይታሚን ዲ ይለውጠዋል። ጥቂቱ ደግሞ ከቅባታማ ዓሣ፣ ከእንቁላል አስኳልና ከጉበት ይገኛል፤ በአንዳንድ አገሮች ሆን ተብሎ ከተጨመረበት ወተትም ይመጣል። እንጀራና ሽሮ ውስጥ የለም። ጤፍ ብዙ ጥሩ ነገር አለው፤ ይኼ ግን የለውም።

ከቆዳ የወጣው ቫይታሚን ገና ጥሬ እህል ነው። ከአውድማ የተሰበሰበ እህል ጎተራ ይገባል አይደል? እዚህ ጎተራ የሚያስገባው ጉበት ነው። ጥሬውን ተቀብሎ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ወደሚባል መልክ ይለውጠውና በደም ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ከዚያ ኩላሊት ወፍጮ ይሆናል፤ ከጎተራው እየዘገነ ይፈጨዋል። ሥራ የሚሠራው ይህ የተፈጨው ነው። አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየም እንዲስብ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ካልሲየም ከሌለ ደግሞ አጥንት የለም።

የተለመደው የደም ምርመራ የሚለካው ጎተራውን ነው። ጎተራ ያለው ክምችት በግማሽ ለመቀነስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የትናንትን ሳይሆን ያለፉትን ወራት ታሪክ ይናገራል። የተፈጨው ግን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

አንዳንድ ወረቀት ላይ "1,25" ብሎ የሚጀምር ሌላ መስመር አለ። ይህ የተፈጨው ነው፤ የሚታዘዘውም በአብዛኛው ለኩላሊት ሕመምና ለአንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች ነው። ክምችትን ለማወቅ አይሆንም። ለምን ቢሉ፣ ባለሙያ እመቤት ጎተራዋ ሲራቆት ዝም አትልም፤ ጥጋጥጉን ጠርጋ፣ ከጎረቤት ተበድራም ቢሆን ሌማቱን ትሞላለች። እንግዳው የሌማቱን እንጀራ አይቶ "ቤቱ ጥጋብ ነው" ይላል። በሰውነታችን ውስጥ ያቺ እመቤት አንገት ውስጥ ያሉት የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ናቸው። ካልሲየም ሊያንስ ሲል ኩላሊትን "ቶሎ ፍጭ" ይሉታል፤ ከአጥንትም ካልሲየም ይበደራሉ። ብድሩን አጥንት ዝም ብሎ ይሰጣል፤ ሰውየው ለዓመታት ላያውቀው ይችላል። በዚህ ምክንያት "1,25" መደበኛ፣ አንዳንዴም ከፍ ያለ ሆኖ ጎተራው ባዶ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ላቦራቶሪ ውጤቱን ዲ2፣ ዲ3 እና ድምር ብሎ በሦስት መስመር ይጽፈዋል። ዲ3 ከቆዳ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦና ከአብዛኞቹ ክኒኖች የሚመጣው ነው፤ ዲ2 ከእንጉዳይና ከእርሾ የሚሠራው። ዲ2 የያዘ ክኒን የማይወስድ ሰው በዚያ መስመር ላይ ምንም ያህል ባይኖረው አይገርምም። የሚታየው ድምሩ ነው።

## 18 እና 45 እንዴት አንድ ይሆናሉ?

ከቁጥሩ ቀጥሎ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ መለኪያ አለ፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች የሚለኩት በናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ እንግሊዝና ካናዳ በናኖሞል በሊትር ይለካሉ። አንዱ ክብደት ይመዝናል፣ ሌላው የሞለኪውሎቹን ብዛት ይቆጥራል። ከናኖግራሙ ወደ ናኖሞሉ ለመሄድ በ2.5 ማባዛት ነው። 18 በ2.5 ሲባዛ 45 ይመጣል፤ በቃ።

አሜሪካ ያለ ልጅ ታሞ "ትኩሳቱ 101 ደረሰ" ሲባል አዲስ አበባ ያሉ አያት የሚደነግጡት ድንጋጤ ያው የዚህ ወንድም ነው። አንዱ በፋራናይት ያወራል፣ ሌላው በሴልሺየስ ይሰማል።

በሌሎች አገሮች እንደ ላቦራቶሪው ስለሚለያይ አገሩን ሳይሆን ወረቀቱን ይመልከቱ። ደቃቁ ፊደል ካልታየ ከጎን የተጻፈው "መደበኛ" የሚለው ክልል ያጋልጠዋል፦ ከ20 ወይም ከ30 የሚጀምር ከሆነ ናኖግራም ነው፤ ከ50 ወይም ከ75 የሚጀምር ከሆነ ናኖሞል። በቃል ቢያዙ የሚጠቅሙት ጥንዶች 12 ከ30፣ 20 ከ50፣ 30 ከ75፣ 50 ከ125 ጋር እኩል መሆናቸው ነው። አገር የቀየረ ሰው የድሮ ውጤቱን ይዞ ሲሄድ ይህን ስሌት ራሱ ቢሠራው ይሻላል። የስቶክሆልሟ 45 ዋሽንግተን ላይ ያለ መለኪያው ቢነበብ "በጣም ጥሩ" ይባል ነበር።

## "ዝቅተኛ" የሚለውን መስመር ማን አሰመረው?

ሰው ነው ያሰመረው፤ ያውም የተለያየ ሰው፣ በተለያየ ቦታ።

እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት የሰበሰባቸው ባለሙያዎች 20 ናኖግራም ለሞላ ጎደል ለሁሉም ጤነኛ ሰው አጥንት ይበቃል አሉ። በዓመቱ፣ በ2011፣ ኢንዶክራይን ሶሳይቲ የሚባለው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ሌላ መስመር አወጣ፦ ከ20 በታች እጥረት፣ ከ21 እስከ 29 ያልተሟላ፣ 30 እና ከዚያ በላይ በቂ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ሁለተኛውን ተከተሉ። ስለዚህ 25 ያለው ሰው በአንደኛው መስመር ጤነኛ፣ በሁለተኛው ጎደሎ ሆነ፤ ደሙ ግን አልተለወጠም። እንግሊዞች ደግሞ እጥረት የሚሉት ከ25 ናኖሞል በታች ሲሆን ነው፤ ይኸውም 10 ናኖግራም መሆኑ ነው። የታላቅየዋ 18 ለንደን ቢሆን ኖሮ "እጥረት" የሚለውን ቃል አያገኝም ነበር።

የ20ዋ መስመር ራሷ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ትነበባለች። ድግስ ያሰቡ ሰው ለመቶ እንግዳ ሲያስጋግሩ በጣም የሚበላውን እንግዳ አስበው ነው፤ አለዚያ ያፍራሉ። ያ ማለት ግን ከእሱ ያነሰ የበላ ሁሉ ተርቦ ሄደ ማለት አይደለም። 20 የተሰመረችው እንዲሁ ነው፤ ከመቶ 97ቱን እንድታጠግብ። የመካከለኛው ሰው ፍላጎት 16 አካባቢ ነው ብለው ያስቀመጡትም እነዚያው ባለሙያዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በ2016 "መስመራችንን ያለ ቦታው ተጠቅማችሁ ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ አታድርጉት" የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ አወጡ።

ይበልጥ የሚገርመው በ2024 የሆነው ነው። ያው ኢንዶክራይን ሶሳይቲ በአዲሱ መመሪያው የ20 እና የ30 መስመሮቹን አልደግፍም አለ። ምንም ሕመም የሌለበት ጤነኛ አዋቂም በዘፈቀደ ይህን ምርመራ ባያደርግ ይመረጣል አለ። የላቦራቶሪዎቹ ማሽን ግን ቀዩን ምልክት አሁንም ያትማል። ምልክቱን የሚያትመው ሐኪም አይደለም፤ በተሞላለት ቁጥር የሚሠራ ሶፍትዌር ነው።

እኔ ወረቀቱን ሳየው የማነበው እንዲህ ነው። ከ12 ናኖግራም በታች ከሆነ ነገሩ የእውነት ነው፤ መታከም አለበት። ከ12 እስከ 20 ያለው ግራጫ ነው፤ ሰውየው ማን ነው፣ ሌላ ምን አለበት የሚለው ይወስነዋል። ከ20 እስከ 50 ያለ ጤነኛ ሰው በቁጥሩ ምክንያት እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር የለም። ከ50 በላይ መውጣት ተጨማሪ ጥቅም አልታየበትም። ከ100 ያለፈ ሰው የሚውጠውን ክኒን ይዞ ሐኪሙ ጋ ይሂድ። ከ150 በላይ የመመረዝ ወሬ ይጀመራል።

## የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ካለው አገር የመጣ ሰው እንዴት ያንሰዋል?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሐበሻ አላጋጠመኝም። "ፀሐይ ላይ ተወልጄ፣ ፀሐይ ላይ አድጌ?" ይላል፤ ትንሽ የተሰደበም ይመስለዋል።

መልሱ የሚጀምረው እዚያው አገር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ያሉ ተማሪዎችን ደም ለካ። ከ50 ናኖሞል በታች የሆኑት ከገጠር ልጆች ከአሥሩ ሁለት ያህሉ ሲሆኑ፣ ከከተማ ልጆች ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ነበሩ። ፀሐይዋ አንድ ናት። ገጠሬው ልጅ ከብት ሲጠብቅ፣ ውኃ ሲቀዳ ይውላል፤ የከተማው ልጅ ከክፍል ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቴሌቪዥን ነው። ፀሐይ ያለበት አገር መኖርና ፀሐይ ላይ መዋል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚያ የከፋው የሕፃናቱ ነው። በ1997 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በሳንባ ምች የተኙ 500 ሕፃናትን ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸረ። ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ፣ ከታመሙት በ210ዎቹ ላይ ተገኘ፤ ካልታመሙት በ20ዎቹ ብቻ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ደረቱን በደንብ አያነሳም፤ አክታውን አይገፋም። ፀሐይ በሞላበት ከተማ ሕፃኑን ከፀሐይ የለየው ፍቅር ነው። ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ተብሎ ተጠቅልሎ ጓዳ ይቀመጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች "ሕፃኑን ፀሐይ አሙቁት" እያሉ ቤት ለቤት የሚዞሩት ለዚህ ነው። በመስኮት መስታወት በኩል የገባች ፀሐይ ግን አትቆጠርም፤ መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል፣ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀራል። በጋቢ ተጠቅልሎ ፀሐይ የሞቀ ሕፃንም ሞቀው እንጂ ቫይታሚን አልሠራም።

አሁን ባሕር እንሻገር። ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒን ጨረሩን የሚጋርድ ጥላ ነው። ለአዲስ አበባ ፀሐይ ልክ የተሰፋ ጃንጥላ ነው፤ ለስቶክሆልም ግን በጣም ይበዛል። ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጭ ቆዳ ብዙ እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል።

የፀሐይዋን ጉልበት ለመለካት ደግሞ ማሽን አያስፈልግም፤ ጥላዎን ይዩ። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ አለ። ከረዘመ ፀሐይዋ ለብርሃን እንጂ ለቫይታሚን አትሆንም። በዲሴምበር መጨረሻ፣ ልክ በእኩለ ቀን፣ አዲስ አበባ ላይ ቢቆሙ ጥላዎ የቁመትዎን ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። በዚያው ቀን ዋሽንግተን ላይ የቁመትዎ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ስቶክሆልም ላይ፣ ሰማዩ ከጠራ ማለት ነው፣ የቁመትዎ ስምንት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ቦስተን ላይ የተደረገ የታወቀ ሙከራ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ቆዳ ከፀሐይ ምንም ያህል ቫይታሚን ዲ እንደማይሠራ አሳይቷል። ወደ ሰሜን በወጡ ቁጥር ወራቱ ይረዝማሉ።

ፀሐይ በሚያቃጥልበት አገርም ነገሩ ያው ሊሆን ይችላል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ቤት ሠራተኛ ሆና የምትኖር እህት ከቤት የምትወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ስትወጣም ተሸፍና ነው። የእነዚያ አገሮች ተወላጆችም ፀሐዩን ሸሽተው ቤት ስለሚውሉ እጥረቱ በስፋት ይታይባቸዋል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ገና በ1995 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ በሄዱ ሴቶች ላይ እጥረቱ ብዙ እንደሆነ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ ዘግቦ ነበር።

ታሪኩም አዲስ አይደለም። አውሮፓ በፋብሪካ ጭስ በታፈነችበት ዘመን የድሃ ልጆች እግራቸው ይጎብጥ ነበር። በ1919 ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የበርሊን ሐኪም እነዚያን ልጆች በአልትራቫዮሌት መብራት አዳናቸው። በ1922 አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ላገኘው ነገር ስም ሲያወጣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተይዘው ስለነበር ተራው የዲ ሆነ።

ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርጉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ቫይታሚኑ ስብ ውስጥ ስለሚደበቅ ወፍራም ሰው ደሙ ውስጥ ያንሰዋል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት እንደ ፌኒቶይን ያሉ መድኃኒቶች ጎተራውን ቶሎ ያራግፉታል። የአንጀት መምጠጥ ችግርም አለ።

## በጥቁር ቆዳ ላይ ቁጥሩ ያው ትርጉም አለው?

ይህ ገና ያላለቀ ክርክር ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በአማካይ የቫይታሚን ዲ ቁጥራቸው ከነጮቹ ያነሰ ነው፤ አጥንታቸው ግን ይበልጥ ጠንካራ፣ ስብራታቸውም ጥቂት ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሁሉን የሚናገር ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው ይታይ ነበር።

በ2013 የወጣ ጥናት አንድ ማብራሪያ አቀረበ። ደም ውስጥ ቫይታሚን ዲን ተሸክሞ የሚዞር ፕሮቲን አለ፤ ተሸካሚው በጥቁሮች ላይ አነስተኛ ስለሆነ ድምሩ ቢያንስም ነፃ ሆኖ ለሥራ የሚቀርበው እኩል ነው አለ። ጋዜጦች ተቀባበሉት። ኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ተሸካሚውን በሌላ ዘዴ ሲለኩት ልዩነቱ ጠፋባቸው፤ የመጀመሪያው መለኪያ የአፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ የሚበዛውን የፕሮቲኑን ዓይነት አሳንሶ ያይ ነበር ተባለ። የአጥንቱ ጥያቄ እስካሁን ክፍት ነው።

ስለዚህ 18 ያላት ሴት ሐኪሟን "እመቤቷስ ምን ትላለች?" ብላ ብትጠይቅ ያስኬዳል። የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከፍ ካላለ፣ ካልሲየሙም መደበኛ ከሆነ፣ ቤቱ እየተበደረ አይደለም ማለት ነው። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ፣ አልካላይን ፎስፋታዝ የሚባለው የደም ኢንዛይምም አብሮ ከወጣ ግን አጥንት እየከፈለ ነው። ካልሲየም ከፍ ብሎ ቫይታሚን ዲ ዝቅ ካለ ደግሞ ክኒን ከመጀመር በፊት ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ችግሩ ከዕጢው ከራሱ ሊሆን ይችላል።

## ድካሙ፣ የጀርባ ሕመሙ፣ የፀጉሩ መርገፍ ከዚህ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። እጥረቱ የበረታበት ሰው የሚታይበት ነገር የታወቀ ነው፦ አጥንቱን ሲጫኑት ያመዋል፣ ጭኑ ይደክማል፣ ከዝቅተኛ ወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሳት ያቅተዋል፣ ደረጃ ይከብደዋል። ልጅ ከሆነ እግሩ ይጎብጣል፣ ጥርሱ ይዘገያል። ይህ የሚመጣው በአብዛኛው ቁጥሩ በጣም ሲወርድ ነው።

"ድካም" ግን የሁሉ በር ነው። የደም ማነስም፣ የታይሮይድም፣ የሐሳብም፣ በቀን ሁለት ሥራ ሠርቶ አራት ሰዓት የመተኛትም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት ዓይን ስለምትስብ ሌላው ሳይፈለግ ይቀራል። 17 ያለው ሰው ለድካሙ ቫይታሚን ዲ ሲውጥ ዓመት ቆይቶ የደም ማነሱ ኋላ ሲታወቅ አይቻለሁ።

ክኒኑ ከካንሰር፣ ከልብ በሽታ ያድናል የሚለውም በትልቁ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ 25,871 ሰዎች የተካፈሉበት ሙከራ ግማሹን በቀን 2,000 ዩኒት እያዋጠ አምስት ዓመት ገደማ ተከታተለ። በ2018 በወጣው ውጤት ካንሰር መያዝንም የልብና የአንጎል ድንገተኛ ሕመምንም አልቀነሰም፤ በ2022 ደግሞ የአጥንት ስብራትንም አልቀነሰም ተባለ። ልብ በሉ፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ሲጀመርም ጎተራቸው ባዶ አልነበረም። ሙሉ ጎተራ ላይ እህል መጨመር ጥጋብ አይጨምርም፤ ባዶው ላይ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው።

## ክኒኑን ስንት፣ እንዴት?

ጠርሙሱ ላይም ሁለት መለኪያ አለ፦ ዓለም አቀፍ ዩኒትና ማይክሮግራም። አንድ ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው። እንግሊዝ "10 ማይክሮግራም" የሚለው ጠርሙስና አሜሪካ "400 ዩኒት" የሚለው አንድ ናቸው። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ይህችኑ መጠን በቅዝቃዜው ወራት ለሁሉም፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸውና ተሸፍነው ለሚወጡ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲያስቡበት ይመክራል። በአሜሪካ ለአዋቂ የሚመከረው የቀን መጠን 600 ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ 800። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ4,000 ማለፍ አይመከርም።

አደጋው ያለው በትልቁ ክኒን ላይ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች እጥረት ሲያዩ ብዙ ጊዜ 50,000 ዩኒት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስምንት ሳምንት ያህል ያዛሉ። በሳምንት አንድ። እሑድን መርጠው ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ይሙሉ፤ ምክንያቱም ክኒን ሲባል በየቀኑ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በየቀኑ ለወራት የዋጠው ሰው ካልሲየሙ ይወጣል፦ ያቅለሸልሸዋል፣ ውኃ ውኃ ይለዋል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፣ የሆድ ድርቀት ይይዘዋል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። ከፀሐይ በዝቶ የተመረዘ የለም፤ ቆዳ ትርፉን ራሱ ያጠፋዋል። ከጠርሙስ ግን ይቻላል። "አንድ ትልቅ ለዓመት ይበቃኛል" የሚለውም አላዋጣም፦ አውስትራሊያ ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሴቶች በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ተሰጥቷቸው፣ በ2010 በወጣው ውጤት ይበልጥ ወደቁ፣ ይበልጥም ተሰበሩ።

ቲቢ ወይም ሳርኮይዶሲስ የሚባለው፣ ሳንባንና ሌሎች አካላትን የሚያስቆጣ በሽታ ያለበት፣ የኩላሊት ጠጠር የሚያመላልሰው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው በራሱ ፈቃድ አይጀምር።

ከምግብ ጋር ይዋጥ፤ ቅባት ይወዳል። ወጡ ውስጥ ያለው ዘይት ይበቃዋል።

## መቼ ልድገመው?

ክኒን ከጀመሩ ሦስት ወር ገደማ ቆይተው። ከዚያ በፊት ጎተራው ገና እየሞላ ስለሆነ ቁጥሩ አይረጋም። በተቻለ መጠን ያው ላቦራቶሪ ይሁን፤ ማሽን ከማሽን ይለያያል። የ22 እና የ25 ልዩነት የማሽን ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ ደስታም ሐዘንም አያስፈልገውም። ወቅቱንም ይዩ፤ የሴፕቴምበርን ቁጥር ከማርች ጋር አነጻጽሮ "ክኒኑ አልሠራም" ማለት ትክክል አይደለም።

የአክስቴ ልጆች ሁለቱም ሐኪም አነጋገሩ። የታላቅየዋ ሐኪም የፓራታይሮይድ ሆርሞኗንና ካልሲየሟን አይቶ፣ ሁለቱም መደበኛ ስለሆኑ አነስተኛ የቀን ክኒን ብቻ አዘዘላት። ታናሿ እህቷን ሰምታ ያው ዓይነት ክኒን ከፋርማሲ ገዛች። በሚመጣው ሰው እጅ ደግሞ ለእናታቸው አንድ ጠርሙስ ላኩ፤ የ2024ቱ መመሪያ ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑት ሳይመረመሩም እንዲወስዱ ይመክራል፣ አክስቴም 77ን ይዘዋል።

አክስቴ ጠርሙሱ በደረሳቸው ቀን የላኩት የድምፅ መልእክት አጭር ነበር፦ "ይኼ ነገር በጾም ይዋጣል?"

ተደዋወልን። ታላቅየዋ ጠርሙሱን አስነበበች፦ ዲ3 ነው። አብዛኛው ዲ3 የሚሠራው ከበግ ጠጉር ከሚወጣ ቅባት ነው፤ ሽፋኑም ጄላቲን ከሆነ ከእንስሳ ነው። ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ ከሚበቅለው ላይክን የሚሠራ ዲ3ም ከእርሾ የሚሠራ ዲ2ም ይሸጣል፤ ይኼኛው ግን አይደለም። የሙስሊም ጎረቤታቸውም የጄላቲኑን ነገር ጠይቀዋቸው ነበርና አክስቴ ለሁለቱም መልሱን ይዘው ዘጉ።

በማግስቱ ሌላ መልእክት መጣ። ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ከፋሲካ በኋላ ይጀምራሉ፤ እስከዚያ ግን ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ከክንዳቸው ላይ ገለጥ አድርገው በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነው። "ጥላዬን አየሁት፣ አጭር ነው" ይላሉ።